ናዳ የሚያሰጋውን ቦታ በካርታ ማወቅ

በዳምቦያ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል። ቀዩ አፈር ይጠግባል። ወደ ቢላቴ የሚወርዱት ጅረቶች ይደፈርሳሉ። ገበሬው በዝናቡ ደስ ይለዋል፤ ዝናብ ማለት እህል ነው፣ እንሰት ነው፣ የከብት ሣር ነው። ነገር ግን በተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ዝናብ ሌላም ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። እርሱም የመሬት መንሸራተት ነው። ናዳም ይባላል።

እኛ መሠረተ ትምህርት ለማስተማር የዘመትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ፊደል ቆጥራችሁ ስትጨርሱ፣ «አሁን ደግሞ ምን እናንብብ?» ብላችሁ ጠየቃችሁን። ስለ ናዳ እንድንጽፍ ያሳሰባችሁንም እናንተው ናችሁ። ምክንያቱም በጎፋ የሆነውን ያልሰማ ሰው የለም።

በጎፋ ምን ሆነ?

ጎፋ ከእኛ በስተደቡብ፣ ከወላይታ ባሻገር ያለ ተራራማ አገር ነው። እዚያ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሚባል ቀበሌ አለ። ሕዝቡ በተዳፋት ላይ እያረሰ የሚኖር ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጣለ። ከዚያም ናዳ ወርዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ።

ጎረቤት ይህን ሰምቶ ቤቱ አልተቀመጠም። ዶማ ያለው በዶማው፣ የሌለው በእጁ ሊቆፍር ሮጠ። የቀበሌው አስተዳዳሪ መጡ። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም መጡ። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲቆፍር ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ቆፋሪዎቹንም ቀበራቸው። ከ 220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱትም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡት ነበሩ። በመላ አገሪቱ የሦስት ቀን ኀዘን ታወጀ።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናነብ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ ይህ ተራራ እንደሚናድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ?» አሉን። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

መሬት ለምን ይንሸራተታል?

ደረቅ አፈር በተዳፋት ላይ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ነው። ዝናብ ሲበዛ ግን ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ይገባል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ አፈሩ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የቅንጣቶቹ መያያዝ ይላላል። ከሥር ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ወይም ዓለት ካለ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል። ላይኛው አፈር በሳሙና ላይ እንደቆመ እግር ይሆናል።

ይህን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በአንድ ጣውላ ላይ አፈር ጠቅጥቁ። ጣውላውን በአንድ በኩል በድንጋይ ከፍ አድርጉት። አፈሩ ይቆማል። አሁን ቀስ እያላችሁ ውሃ ጨምሩበት። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ቀጥሎ ከላይ በኩል ቀጭን ስንጥቅ ሊታይ ይችላል። ከዚያ አፈሩ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ከናዳው ይቀድማል።

ሰውም ናዳን የሚያግዝበት ጊዜ አለ። የድንጋይ ካብ ከሥሩ ድንጋይ ቢወጣበት ምን ይሆናል? ላይኛው ይወርዳል። መንገድ ወይም የቤት ቦታ ለማውጣት የተዳፋቱን እግር ስንቆርጥም እንዲሁ ነው። ዛፍ ስንመነጥርም አፈሩን ሰፍቶ የያዘውን ሥር እናጠፋለን። ግን ይህንንም እንወቅ፤ ናዳው ከዛፉ ሥር በታች ጠልቆ ከመጣ ዛፉም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ «ዛፍ አለኝ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ናዳ ሁሉ ፈጣን አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል። እዚያ መሬቱ ቀስ እያለ ስለሚሄድ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል። እንደገናም ይጠገናል። የጎፋው ግን ለመሮጫ እንኳ ፋታ አልሰጠም።

ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ዓይን

ተራራ ሲናድ ጠባሳ ይተዋል። አረንጓዴ የነበረው ቦታ ተገልጦ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ይህን ጠባሳ ከሩቅ ማየት ይቻላል። በጣም ከሩቅ የሚያየው ሳተላይት ነው።

ሳተላይት ምንድን ነው? ሰው ሠርቶ ወደ ጠፈር የላከው፣ ምድርን ሳያቋርጥ የሚዞር መሣሪያ ነው። የምድርን ገጽ ለማጥናት ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው ሳተላይት የተላከው በ 1964 ዓ.ም. ነው። አገራችንም ምድርን የምታይ የመጀመሪያዋን ሳተላይት በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አስወንጭፋለች። ዛሬ ለብዙ ሥራ ከሚያገለግሉት አንዶቹ ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ 2007 ዓ.ም. ተላከ። የሚዞሩት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ይህ ከአዲስ አበባ መቀሌ በመኪና የሚያስኬደውን ያህል ነው፤ ግን ሽቅብ ነው። ከዚያ ሆነው አንዱን ቦታ በየ 5 ቀኑ ያነሡታል። ምስሉንም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያገኘው ይችላል።

ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን በመሬት ላይ 10 ሜትር በ 10 ሜትር ቦታ ይሸፍናል። ይህ 100 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል፣ በምስሉ ላይ 25 አራት ማዕዘን ይሆናል ማለት ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ናዳን ለማግኘት ባለሙያው ሁለት ምስል ያስተያያል። አንዱ ከዝናቡ በፊት፣ አንዱ ከዝናቡ በኋላ የተነሣ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ ባንድ ጊዜ የተገለጠው ቦታ ናዳ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አላልንም። ለምን? አዲስ የታረሰ ማሳስ ምን ይመስላል? እርሱም የተገለጠ ቀይ አፈር ነው። ከሰማይ ላይ ናዳውንና እርሻውን በቀለም ብቻ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል። እርሱም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ማወቅ ነው።

ተራራ በቁጥር ሲጻፍ

የተራራን ከፍታ ከጠፈር እንዴት ይለኩታል? ከገደል ማዶ ስትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ ይሰማችኋል። ገደል ማሚቶ እንለዋለን። ገደሉ ሩቅ ከሆነ ድምፁ ይዘገያል፤ ቅርብ ከሆነ ይፈጥናል። ራዳር የሚባለው መሣሪያም እንደዚሁ ነው። እርሱ ግን የሚልከው ድምፅ ሳይሆን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ መሬት ነክቶ ሲመለስ ይቀበለዋል።

በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለች የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር 6 ሰዎች ይዛ ወጣች። ለ 11 ቀን ያህል ምድርን እየዞረች ከየብሱ 80 ከመቶ የሚሆነውን ለካች። ሞገዱን የሚቀበሉ ሁለት መሣሪያዎች ነበሯት። አንዱ ከሌላው 60 ሜትር ርቆ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። ሁለት መሆናቸው ለምን ጠቀመ? አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክር በመርፌ ለማስገባት ሞክሩ። ያስቸግራል። ቅርቡንና ሩቁን አጥርቶ ለማየት ሁለት ዓይን ይሻላል።

ከዚህ ልኬት የተገኘው የቁጥር መዝገብ ነው። መሬቱ 30 ሜትር በ 30 ሜትር ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፋይ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ተጽፏል። የእኛው አምበሪቾ ተራራም በዚህ መዝገብ ውስጥ አለ። ጫፉ ከ 3000 ሜትር በላይ ነው። 777 ደረጃዎቹን የወጣ ሰው ከፍታውን በጉልበቱ ያውቀዋል። መዝገቡ በቁጥር ያውቀዋል።

አሁን ለምሳሌ ያህል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የአንድ ተዳፋት ቁጥሮችን እናንብብ፤

2140፣ 2138፣ 2125፣ 2108፣ 2106

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው 2 ሜትር ብቻ ይወርዳል። ይህ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 13 ሜትር፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው 17 ሜትር ይወርዳል። በ 30 ሜትር መንገድ 17 ሜትር መውረድ ከባድ ቁልቁለት ነው። መጨረሻ ላይ እንደገና 2 ሜትር ይወርዳል። እዚያ ላይ ቤት ቢኖር ባለቤቱ «እኔ ያለሁት ሜዳ ላይ ነው» ይላል። ቁጥሩ ግን ከራሱ በላይ ምን እንዳለ ይነግረዋል።

ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። እርከን ስትሠሩ በገመድና በውሃ ልክ እየለካችሁ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በአንድ መስመር ታገናኛላችሁ። በቁልቁለቱ ላይ እርከኖቹ ይቀራረባሉ፤ በለዘብታው ላይ ይራራቃሉ። በካርታ ላይ የምታዩት የከፍታ መስመርም እንደዚያው ነው። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ቦታ ቁልቁለት ነው።

ሁለቱን ማጋጠም

አሁን ምስሉንና የከፍታውን መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ እናደራርብ። ምስሉ የተገለጠ ቀይ ቦታ ያሳያል። መዝገቡ ደግሞ ቦታው ሜዳ ነው ወይስ ቁልቁለት የሚለውን ይነግረናል። ሜዳ ላይ ያለ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ቀይ ቦታ እርሻ መሆኑ አይቀርም። ከቁልቁለቱ ጀምሮ እንደ ምላስ ወደ ታች የተዘረጋው ግን ናዳ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ከዚያ ባለሙያው በእግሩ ሄዶ ያረጋግጣል።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ባለሙያዎቹ የድሮ ናዳዎችን ቆጥረው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እነዚህ ቦታዎች የሚመሳሰሉት በምንድን ነው? ስንት ሜትር ቁልቁለት ነበራቸው? አፈራቸውና ዓለታቸው ምን ዓይነት ነበር? ወንዝ ወይም የመንገድ ቁራጭ ይቀርባቸው ነበር? ዛፍ ነበራቸው? ከዚያም ገና ያልተናዱ፣ ግን ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ቦታዎች ይፈልጋሉ። እነዚያን በካርታው ላይ ቀይ ይቀቧቸዋል። መካከለኛውን ቢጫ፣ የማያሰጋውን አረንጓዴ ያደርጉታል። በአገራችን ይህን የመሰለ ጥናት የሚያጠኑ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትና የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው።

ቀይ ማለት ነገ ይናዳል ማለት አይደለም። ብዙ ዝናብ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያሰጋው ይህ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ለአባታችን ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። የትኛው ተዳፋት እንደሚያሰጋ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ቀኑን ግን ካርታው አይናገርም።

ካርታው የማያየው

ካርታው የማያያቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ።

አንደኛ፣ በክረምት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ምስል የሚያነሣው ሳተላይት በደመና ውስጥ አያይም። ናዳ የሚበዛው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ራዳር የያዙ ሳተላይቶች በደመና ውስጥ ያልፋሉ፤ ምስላቸውን ማንበብ ግን ትልቅ ሙያ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የከፍታው መዝገብ የቆየ ነው። ከ 1992 ዓ.ም. ወዲህ የተቆረጠ መንገድ፣ የተማሰ የድንጋይ ማውጫ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ አንድ አራት ማዕዘን 10 ሜትር ነው ብለናል። አንድ የሣር ቤት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ታዲያ አንድ እጅ የምታስገባ ስንጥቅ እንዴት ትታያለች? አትታይም። ስንጥቋን የሚያያት ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው። ውሃ የምትቀዳው እናት ናት። ማሳውን የሚዞረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንወቅ፤

1. በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ በተለይም ከቤት በላይ በኩል።
2. ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ፣ አጥር ወይም ምሰሶ ሲያዘነብል።
3. በደህና ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ሲል፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ።
4. ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ሲፈልቅ፣ ወይም ጥሩ የነበረው ምንጭ ሲደፈርስ።
5. ዝናብ እየዘነበ የጅረቱ ውሃ ባንድ ጊዜ ሲቀንስ። ከላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

ስንጥቅ ከተገኘ መለካት ይቻላል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ትከሉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ አይደለም ወይ? ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፤

ሰኞ 40 ሣንቲ ሜትር
ረቡዕ 41 ሣንቲ ሜትር
ዓርብ 44 ሣንቲ ሜትር
እሑድ 49 ሣንቲ ሜትር

ይህን መዝገብ አንብቡት። መጀመሪያ 1 ጨመረ፣ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 5። ስንጥቁ እየሰፋ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። እንዲህ ሲሆን እስከ ነገ አይጠበቅም። ከሥሩ ያለው ቤተሰብ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ፣ ወደ ጎን ርቆ ይውጣ። ከብት ቢቀር ይቅር። ወዲያውም ለቀበሌው ይነገር፣ ለወረዳው ይጻፍ። ቀኑንና ልኩን የያዘ ወረቀት ለባለሙያው ትልቅ ማስረጃ ነው። እርሱ ከሰማይ ያላገኘውን እናንተ ከደጃችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሚለካውም ሰው ራሱን ይጠብቅ። ዝናብ እየዘነበ ወይም መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ወደ ስንጥቁ አይጠጋ።

ሁለተኛው ናዳ

ወደ ጎፋ እንመለስ። ብዙ ሰው የጨረሰው ሁለተኛው ናዳ ነው። ለምን መጣ? የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላዩ ያለውን አፈር ደግፎ የያዘውን ይዞት ይሄዳል። ከላይ የቀረው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ውሃ እንደጠጣ፣ ያለ ድጋፍ ይቆማል። ስለዚህ አንዴ የተናደ ቦታ ወዲያው እንደገና ሊናድ ይችላል።

ይህን ስናስተምር አንዲት እናት ተነሡ። «ጎረቤቴ ከአፈር ሥር ሆኖ እኔ ቆሜ ልይ ትሉኛላችሁ?» አሉን። ክፍሉ ዝም አለ። እኛም ወዲያው የምንመልሰው አጣን። እኛ ዘማቾች ነን፤ ነገ እንሄዳለን። እርሳቸው ከጎረቤታቸው ጋር ይኖራሉ።

ቆየት ብለን ከእናንተው ጋር ተወያይተን የደረስንበት ይህ ነው። አትርዱ አንልም። ነገር ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ አይግባ። ሁለት ሰው ከጎን፣ ናዳው በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ ተዳፋቱን ብቻ ይመልከት። አፈር መውረድ ወይም አዲስ ስንጥቅ ሲያዩ ይጩኹ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፤ እየተፈራረቁ ይሥሩ። ጩኸት ሲሰሙ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሩጡ። ልጆችና ሊያዩ የመጡት ሰዎች ከናዳው መንገድ ርቀው ይቁሙ። በሥሩ የቀሩት ቤቶች ወዲያው ባዶ ይሁኑ። ከላይ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ግን ማንም አይግባ። ይህ እጅግ መራራ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ተቀብሮ ሃያ ሰው መጨመር ለተቀበረው አይጠቅመውም።

ይህ ውሳኔ በዋይታ መካከል አይወሰንም። ያን ጊዜ ልብ አይረጋም። ዕድር የሚሰበሰበው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለናዳ ግን ዕድር ሰው ሳይሞት ይሰብሰብ። ማን ይመለከታል? ማን ይጮኻል? ሕዝቡ ወዴት ይወጣል? ይህ በደረቁ ወራት፣ ልብ ረግቶ ሳለ ይወሰን።

እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ ተመልካቿ እኔ ልሁን፤ ዓይኔ ገና ደህና ነው» አሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከቤታችሁ በላይ ያለው ተዳፋት ምን ይመስላል? ካለፈው ክረምት ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?
2. 2090፣ 2087፣ 2071፣ 2069። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ቁልቁለቱ የትኛው ነው?
3. ሳተላይት አዲስ የታረሰ ማሳንና ናዳን በቀለም ብቻ ለምን አይለይም?
4. በቀበሌያችሁ ናዳ ቢወርድ ተመልካቹ ማን ይሁን? የት ይቁም?